ኮድ ምንድን ነው? ከብራና ገበታ እስከ ስልካችን አምስት ቁጥር



ሰሞኑን አንዲት ተከታታያችን በውስጥ መስመር ጻፈችልን። ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ የክፍል ጓደኛዋ በቴሌግራም «ጠፋሽ እኮ! ስልኬ አስቸግሮኝ ነው፤ ባንቺ ቁጥር ኮድ ይገባልሻል፣ ቶሎ ላኪልኝ» ይላታል። እውነትም ወዲያው አምስት ቁጥር ያለው መልእክት ገባ። ላከችለት። «አመሰግናለሁ» አላት። በቃ፣ ሌላ ምንም አልተፈጠረም። ቴሌግራሟም እንደ ድሮው ይሠራል።

በማግስቱ ማታ ዱባይ ያለችው አክስቷ ደወለች። «ብሩ ደረሰሽ? እናትሽስ እንዴት አደረች?» አለቻት። የምን ብር? የምን እናት? እናቷ እኮ ደህና ናት፤ ቡና እያፈላች ነው። አንድ ሰው በልጅቷ ስም ገብቶ «እማዬ ሆስፒታል ገብታለች፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ ለአክስቷ ጽፏል። የጻፈውን ደግሞ እሷ እንዳታየው ከሷ በኩል እያጠፋ ነበር። አክስት 15 ሺህ ብር «የጎረቤት ነው» በተባለ አካውንት ልካለች። ያ የክፍል ጓደኛ የተባለውም እሱ አልነበረም። የሱም አካውንት ቀድሞ ተወስዶ ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ራሷ ከገዛ ቴሌግራሟ ተባረረች።

እኛን ያስቆመን ግን መልእክቷ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። «ፓስወርዴን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። የሰጠሁት ኮድ ነው። ኮድ ደግሞ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም እንዴ?»

እውነቷን ነው። ኮድ የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንሰማዋለን? አንዱን ጮክ ብለን እንናገረዋለን፣ ሌላውን ደግሞ ለእናታችንም መንገር የለብንም። ስማቸው ግን አንድ ነው፤ ኮድ። ሌባውም የሚጠቀመው ይህንኑ መመሳሰል ነው። ስለዚህ ዛሬ ቃሉን ከሥሩ እንየው። መጨረሻ ላይ ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለሳለን።

አንድ ቃል፣ ብዙ ሥራ

ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን አማርኛ ውስጥ ገብቶ ቤተኛ ሆኗል። እስቲ አብረን እንቁጠር።

የመኪና ታርጋ ላይ ኮድ አለ። ለረጅም ዓመታት በለመድነው አሠራር ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የግል መኪና፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት ነው። «ኮድ 2 ናት» ሲባል መኪናዋን ሳናይ የማን ዓይነት እንደሆነች እናውቃለን።

የአገር የስልክ ኮድ አለ። የኛ 251 ነው። 252 ሶማሊያ፣ 253 ጅቡቲ፣ 254 ኬንያ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ሲደውልልን ቁጥራችን ፊት የሚያስገባው ይህንን ነው።

የአየር ማረፊያ ኮድ አለ። ቦሌ የሚወርድ ሻንጣ ላይ «ኤዲዲ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ይለጠፋሉ። ብራችንም በዓለም የገንዘብ ገበያ «ኢቲቢ» የሚባል ኮድ አለው።

ሒሳብ ለማየት የምንደውለው *804# አለ። ጥቅል ለመግዛት *999#፣ ለቴሌብር *127# አለ። ሱቅ በር ላይ ተለጥፎ በካሜራ የምናነሳው ጥቁርና ነጭ ካሬ ደግሞ ኪውአር ኮድ ነው።

ኮድ የሚጽፉ ልጆች አሉ። መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ የጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የማያውቅ ተከታታይ ያለን አይመስለንም።

ሠርግ ወይም ፕሮግራም ላይ ስንጠራ «ድሬስ ኮዱ ነጭ ነው» ይሉናል። ሥራ ስንቀጠር የሥነ ምግባር ደንብ አስፈርመውን «ኮድ ኦፍ ኮንዳክት ነው» ይሉናል። በባዮሎጂ ትምህርት የዘረመል ኮድ አለ።

እና ያ ልጅቷ የላከችው ኮድ አለ።

ታርጋ፣ ልብስ፣ ፕሮግራም፣ የሚስጥር ቁጥር... እነዚህ ሁሉ እንዴት አንድ ስም አገኙ? መልሱ ከእንጨት ይጀምራል።

ቃሉ ከየት መጣ?

«ኮድ» የሚለው ቃል ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ነው። ላቲኑ «ኮዴክስ» ነው። ከዚያ በፊት «ካውዴክስ» ይባል ነበር፤ ትርጉሙ የዛፍ ግንድ ማለት ነው። አዎ፣ ግንድ!

የጥንት ሮማውያን ስስ የእንጨት ሰሌዳ ወስደው፣ ላዩን ሰም ቀብተው፣ በሹል ነገር ይጽፉበት ነበር። ሲፈልጉ ሰሙን ደልድለው እንደገና ይጽፉበታል። ሰሌዳዎቹን ጎን ለጎን አስረው እንደ መጽሐፍ ሲገልጧቸው ያ ጥራዝ «ኮዴክስ» ተባለ። ቆይቶ እንጨቱ በብራና ተተካ፣ ስሙ ግን ቀረ። ከዚያ በፊት መጽሐፍ ማለት የሚጠቀለል ጥቅልል ነበር። ዛሬ የምናውቀው፣ ገጹ የሚገለጥ መጽሐፍ የኮዴክስ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ የኛም አገር አለችበት። አድዋ አካባቢ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የገሪማ ወንጌሎች በዓለም ላይ ከቀሩት ጥንታዊ ባለ ሥዕል ወንጌሎች መካከል ናቸው። በካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ እንደሚወድቅ ታውቋል። አጥኚዎች እንዲህ ያለውን የብራና መጽሐፍ የሚጠሩት «ኮዴክስ» ብለው ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ የምናየውን የብራና መጽሐፍ ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ብራናው በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል የተጠረዘ ነው። ግንድ የሚለው ስም አሁንም መጽሐፉ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ከመጽሐፍ ወደ ሕግ

በ529 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ የነገሠው ዩስቲንያኖስ ተበታትነው የነበሩትን የሮማ ነገሥታት ሕጎች በአንድ መጽሐፍ አሰባስቦ አወጣ። መጽሐፉ «ኮዴክስ» ተባለ። ከዚህ በኋላ ቃሉ «መጽሐፍ» ብቻ መሆኑ ቀርቶ «በአንድ ላይ የተደራጀ ሕግ» ማለት እየሆነ ሄደ። በ1804 እ.ኤ.አ. የወጣው የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ ዝነኛ ስሙ «የናፖሊዮን ኮድ» ነው።

እኛ አገር ለዘመናት ፍትሐ ነገሥት ሲያገለግል ቆይቶ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘመናዊ ኮዶች ወጡ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ሲሆኑ 3,367 አንቀጾች አሉት። ዛሬም ድረስ ስለ ውል ስንከራከር የምንጠቅሰው እሱን ነው። የሕግ ተማሪ ጓደኛ ያላችሁ «ሲቪል ኮድ» ሲል ሰምታችሁት ይሆናል። የሚያወራው ስለዚሁ ነው።

ድሬስ ኮድም ኮድ ኦፍ ኮንዳክትም ከዚህ ወገን ናቸው። እዚህ ኮድ ማለት ደንብ ነው፤ ሁሉም እንዲያውቀው የተጻፈ፣ የተስማሙበት ሥርዓት። እስካሁን ምንም ሚስጥር እንደሌለበት ልብ በሉልን።

ከሕግ ወደ ምልክት

19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ቴሌግራፍ መጣ። ቴሌግራም ሳይሆን ቴሌግራፍ! በሽቦ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ምት ነው። ምት ደግሞ ፊደል አያውቅም፤ አጭር ወይም ረጅም ብቻ መሆን ይችላል። ስለዚህ ለያንዳንዱ ፊደል አጭርና ረጅም ምቶች ተደለደሉለት። ይህ ነው የሞርስ ኮድ የሚባለው። በግንቦት 1844 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ሞርስ ከዋሺንግተን ወደ ባልቲሞር ዝነኛውን መልእክት ላከ። በኋላ መርከቦች ለጭንቅ ጊዜ የሚጠሩበት «ኤስ ኦ ኤስ» ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር ሆነ።

አስተውሉ፣ የሞርስ ኮድ ሚስጥር አይደለም። መጽሐፉ ገበያ ላይ ይሸጣል። የተፈለገው ለመደበቅ ሳይሆን ለመተላለፍ ነው። የአገር ስልክ ኮድ፣ የታርጋ ኮድ፣ የአየር ማረፊያ ኮድ የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ረጅሙን ነገር በአጭር ምልክት ይተኩታል። «የአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ» ብሎ ሻንጣ ላይ ከመጻፍ ሦስት ፊደል ይሻላል አይደል?

ታዲያ ሚስጥሩ መቼ ገባ? ምልክቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ብቻ ሲሆኑ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ የባሕር ኃይል ወታደሮች በፓሲፊክ ግንባር የናቫሆ ተወላጆችን የሬዲዮ መልእክት አስተላላፊ አድርገው አሰልፈው ነበር። ሥራው በ1942 እ.ኤ.አ. በ29 ሰዎች ተጀመረ። መልእክቱ የሚተላለፈው በናቫሆ ቋንቋ ነው። ቋንቋው ብቻ ግን አይደለም፤ በላዩ ላይ ሌላ ስምምነት ነበረው። ለምሳሌ «ኤሊ» ሲሉ ታንክ ማለታቸው ነው። ናቫሆኛ የሚችል ሰው ቢሰማ እንኳ ስለ ኤሊ የሚወራ ነው የሚመስለው። ጃፓኖች ይህን ኮድ ሊሰብሩት አልቻሉም።

ለኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ መሆኑን ያውቃል። ሰሙን ሁሉም ይሰማል፣ ወርቁን የሚያገኘው ግን ፍቺውን የሚያውቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ፍቺ እናውጣ። ኮድ ማለት፦ አንድ ነገር ሌላ ነገርን ወክሎ እንዲቆም የተደረገ ስምምነት። ምልክቱ ብቻውን ምንም አይደለም። 3 የሚለው ቁጥር በራሱ የንግድ መኪና አይደለም፤ ተስማምተን ነው ያደረግነው። ስለዚህ ኮድ ባያችሁ ቁጥር የሚጠየቀው «ቁጥሩ ስንት ነው?» ሳይሆን «ምንን ወክሎ ነው የቆመው?» ነው። ይህቺን ጥያቄ ያዙልን፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ስልካችሁ ውስጥ ያለው ኮድ

አሁን ይህን ጽሑፍ የምታነቡት በኮድ ነው። ስልክ ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። «ሀ» 4608 ነው፣ «ለ» 4616፣ «ሉ» 4617። ከ«ሀ» እስከ «ለ» ስምንት የሆነው ለምን መሰላችሁ? ለየፊደሉ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ስለተሰጠው ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ቁጥር ነበር የሚጠቀመው። አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆን ነበር። ፊደሉ አልጠፋም፤ ስምምነቱ ነው የጠፋው። ዛሬ ባሕር ዳር የጻፋችሁት አማርኛ ቴል አቪቭ ወይም ዋሺንግተን ላለ ሰው ስልክ ላይ እንዳለ የሚታየው ሁለቱም ስልኮች በአንድ ኮድ ስለተስማሙ ነው።

ፕሮግራመሮች የሚጽፉት ኮድ ደግሞ ለኮምፒውተር የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። እዚህ ላይ እንግሊዝኛ ለምትማሩ አንዲት ጥቆማ። ቃሉ ፕሮግራም ማለት ሲሆን በእንግሊዝኛ አይቆጠርም። ልክ እንደ «ውኃ» ነው፤ «ሁለት ኮዶች ጻፍኩ» ሳይሆን «ትንሽ ኮድ ጻፍኩ» ነው የሚባለው። በስልክ የሚገባው ማረጋገጫ ሲሆን ግን ይቆጠራል፤ አንድ ኮድ፣ ሁለት ኮድ ይባላል። ሥራ ፍለጋ ማመልከቻ ላይ «ብዙ ኮዶች እጽፋለሁ» ብላችሁ በብዙ ቁጥር ከጻፋችሁ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንባቢ ትንሽ ፈገግ ይላል።

ኪውአር ኮድን በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዴንሶ ዌቭ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ መጀመሪያ የመኪና ዕቃ መቆጣጠሪያ ነበር። ሦስት ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ትልልቅ ካሬዎች ካሜራው የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። በጣም ጠንካራው ዓይነት 30 በመቶው ቢቆሸሽ ወይም ቢቀደድ እንኳ ይነበባል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይና አቧራ የበላው ወረቀት አሁንም የሚሠራው ለዚህ ነው።

ታዲያ ያቺ አምስት ቁጥር ምንን ትወክላለች?

አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ። ቴሌግራም አዲስ ስልክ ላይ ስትከፍቱ ቁጥራችሁን ይጠይቃል። ቁጥራችሁን ግን ማንም ያውቀዋል፤ ጓደኛ፣ ባለሱቅ፣ የድሮ ክፍል። ስለዚህ ድርጅቱ «እውነት ባለቤቱ ነው?» ብሎ ማጣራት አለበት። የሚያጣራውም ለዚያች ጊዜ ብቻ የሚሆን ቁጥር ፈጥሮ ባለቤቱ ጋ በመላክ ነው። ቁጥሩን መልሶ ያስገባ ሰው ባለቤቱ ነው ተብሎ ይታመናል።

ስለዚህ ያቺ አምስት ቁጥር የምትወክለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እኔ ነኝ፣ አስገቡኝ።» ልጅቷ ለዚያ ሰው የላከችው ቁጥር አይደለም። «እሱ እኔን ነው» የሚል ምስክርነት ነው። ፓስወርዷን አልሰጠችም፤ እውነቷን ነው። ግን ከፓስወርድ የማይተናነስ ነገር ነው የሰጠችው።

ሌባው ለምን ራሱ አይገምተውም? ሒሳቡን እንሥራው። አምስት አኃዝ ማለት 100,000 የሚሆኑ ቁጥሮች ናቸው፣ ስድስት አኃዝ ደግሞ 1,000,000። ጥቂት ጊዜ ከተሳሳተ ይዘጋበታል፣ ጊዜውም ያልፍበታል። መገመት አያዋጣውም። ስለዚህ አይገምትም፣ ይጠይቃል። ኮዱን መስበር አይችልም፤ የሚሰብረው እኛን ነው። «ቶሎ በይ» ይላል፣ «ሽልማት ደርሶሃል» ይላል፣ «ከባንክ ነው የምደውለው» ይላል። «ኮዱን ንገሪኝ» ሲል ቃሉ የለመድነው ቃል ስለሆነ እንደ ታርጋ ቁጥር ቀሎ ይሰማናል።

ደግሞ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። መልእክቱ ራሱ «ይህን ኮድ ለማንም እንዳትሰጡ» ይላል። የሚለው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ብዙዎቻችን ቁጥሯን ብቻ አይተን እናልፋለን። ስለዚህ በቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት፣ አባት፣ አያት ካሉ ያቺን አንድ መስመር በአማርኛ ማንበብ የኛ ሥራ ነው።

የአደባባይ ኮድ እና የጓዳ ኮድ

እንዲህ ብለን ብንከፍለው ይቀለናል።

የአደባባይ ኮድ የሚባለው ነገርን የሚገልጽ ነው። 251፣ ኮድ 3፣ ኤዲዲ፣ *804#፣ የሱቁ ኪውአር፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ። ብዙ ሰው ባወቀው ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማል።

የጓዳ ኮድ የሚባለው እናንተን የሚወክል ነው። የባንክና የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር፣ በመልእክት የሚገባ ማረጋገጫ፣ የስልክ መክፈቻ። የሚያውቀው ሰው ከአንድ ካለፈ ኮድ መሆኑ ያበቃል።

መለያው ቀላል ነው። ኮዱ እናንተ ሳትጠይቁ ከገባ፣ ሌላ ሰው በስማችሁ ጠይቋል ማለት ነው። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ የጓዳ ነው። የባንክ ሠራተኛ፣ የቴሌ ሠራተኛ፣ ወንድም፣ እጮኛ፣ ፓስተር፣ መሪጌታ... ማንም ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው። እውነተኛ ሠራተኛ ሥራውን ለመሥራት የናንተ ኮድ አያስፈልገውም።

በአደባባይ ኮድ ስም የሚመጡ ሁለት ወጥመዶችም አሉ።

አንደኛ፣ «ይህን ኮድ ደውል» የሚል ነው። ኮከብና መሰላል ያለው ሁሉ ጥቅል መግዣ አይደለም። *21* ወይም **21* ብሎ ጀምሮ የሰው ስልክ ቁጥር ካስከተለ፣ ወደናንተ የሚመጣ ጥሪ ሁሉ ወደዚያ ሰው እንዲዞር እያዘዛችሁ ነው። ማረጋገጫ ኮድ ደግሞ አንዳንዴ በድምፅ ጥሪ ይነገራል። ጥሪያችሁ ዞሮ እንደሆነ *#21# ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። የዞረውን ሁሉ ለመሰረዝ ##002# ነው።

ሁለተኛ፣ «ይህን ኪውአር ስካን አድርጊ» የሚል ነው። የሱቁ ኪውአር ብር የሚገባበትን አካውንት ይገልጻል። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ግን ሌላ ኪውአር አላቸው፤ አዲስ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ወደ አካውንታችሁ የሚያስገባ። ከቴሌግራም ወይም ከዋትስአፕ መቼት ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁት ሰው የላከውን ስካን ካደረጋችሁ፣ ኮድ ሳይጠይቃችሁ በር ከፈታችሁለት ማለት ነው።

ከሰጣችሁስ?

አትደንግጡ፣ አትፈሩም። ግን ፍጠኑ።

ቴሌግራም ከሆነ፦ ወዲያው መቼት ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን ክፈቱና ከናንተ በቀር ያሉትን ሁሉ አስወጡ። ለምን ወዲያው? አዲስ የገባ ሰው የቆዩትን ማስወጣት የሚችለው 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ምንም ያልተፈጠረ የመሰላት ለዚህ ነው። ሰውዬው ሰዓቱ እስኪሞላ እየጠበቀ ነበር። ያቺ አንድ ቀን የናንተ ናት፤ እንዳታባክኗት።

ዋትስአፕ ከሆነ፦ ቁጥራችሁን እንደገና አስገቡና አዲስ ስድስት አኃዝ ኮድ አስልኩ። እናንተ ስትገቡ እሱ ይወጣል። እሱ የራሱን ተጨማሪ የሚስጥር ቁጥር አስገብቶ ከሆነ ሰባት ቀን መጠበቅ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ግን እሱም በዚያ መሃል ከአካውንቱ ወጥቷል።

ከዚያ ቤተሰብን ደውሉና ንገሩ። አትጻፉ፣ ደውሉ። ሌባው ድምፃችሁን አልያዘም። በተለይ ውጭ ላሉ ዘመዶች አስቀድማችሁ እንዲህ ተስማሙ፦ «ብር በጽሑፍ ከጠየቅሁ ሳትደውሉ እንዳትልኩ።» ይህም ራሱ ኮድ ነው፤ በቤተሰብ መካከል የተደረገ ስምምነት።

ብር ከሄደ ሳትውሉ ሳታድሩ ለባንኩ ወይም ለላካችሁበት ድርጅት አሳውቁ፣ ለፖሊስም አመልክቱ። የመልእክቱን ፎቶና የተላከበትን አካውንት ቁጥር አታጥፉ። የሰው አካውንት ውስጥ ያለ ፈቃድ መግባትም ሆነ በዚያ ማጭበርበር በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል።

ገና ምንም ያልደረሰባችሁ ደግሞ ይህን አንብባችሁ ሳትወጡ አንድ ነገር አድርጉ። ቴሌግራምም ዋትስአፕም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚል አለ፤ አብሩት። ያኔ ኮዱ ቢወጣ እንኳ ሌላ ቁልፍ ይቀራል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለጻፈችልን እህታችን

«ኮድ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም እንዴ?» ብለሽ ነበር። አይደለም እህታችን። ኮድ ሁልጊዜ የሌላ ነገር ወኪል ነው። አንዱ ታርጋ ላይ ቆሞ መኪናን ይወክላል፣ አንዱ ሻንጣ ላይ ቆሞ ቦሌን፣ አንዱ ስክሪን ላይ ቆሞ «ሀ»ን። ያቺ አምስት ቁጥር የወከለችው አንቺን ነበር። ይህን ማንም ነግሮሽ አያውቅም፤ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም።

አክስትሽ «ገንዘቡስ ይሂድ፣ እናትሽ ደህና ከሆነች» ማለቷን ነግረሽናል። እኛም ስናነበው ሆዳችን ባባ። ግን 15 ሺህ ብር ዱባይ ላይ በሰው ቤት ስንት ቀን ተሠርቶ እንደሚገኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የጻፍነው።

ቤተሰብ፣ ዛሬ ማታ ቡና ላይ ለእናት ለአባት አንብቡላቸው። በውጭ ላሉት ደግሞ ላኩላቸው። የናንተ ቤት የደረሰ ነገር ካለም በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ስም አናወጣም። ኮድ ግን እንዳትልኩልን!